ኬሞ በተሰጠ በ9ኛው ቀን የመጣ ትኩሳት፦ የአንዲት የጡት ካንሰር ታካሚ የጉዳይ ጥናት

የታካሚዋ ማንነት እንዳይታወቅ ስም፣ ቦታና ሆስፒታል አልተጠቀሱም።

ከትኩሳቱ በፊት

ታካሚዋ የ47 ዓመት እናት ናቸው። የሚኖሩት ኬሞ ከሚወስዱበት ከተማ 110 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ወረዳ ነው። የግራ ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አልተሠራጨም። ኬሞ የታዘዘላቸው ለመዳን እንጂ ሕመም ለማስታገስ አይደለም፤ ኋላ ስለ ሁለተኛው ዙር የተወሰነው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ክብደታቸው 52 ኪሎ፣ ቁመታቸው 158 ሴንቲ ሜትር፣ የሰውነት ስፋታቸው 1.5 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ስሌት ዶክሶሩቢሲን 90 ሚሊ ግራም እና ሳይክሎፎስፋማይድ 900 ሚሊ ግራም፣ በየ21 ቀኑ ለአራት ዙር ታዘዘላቸው። ከመጀመሪያው ዙር በፊት የተሠራው የደም ምርመራ ጤናማ ነበር። መድኃኒቱ ያለ ችግር ተሰጥቶ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሲሸኙ ስለ ማቅለሽለሽ፣ ስለ ፀጉር መርገፍና ስለ ምግብ ብዙ ተነገራቸው። ስለ ትኩሳት የተነገራቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ትኩሳት ካለ ቶሎ ይምጡ»። ስንት ዲግሪ ትኩሳት እንደሚባል፣ በምን እንደሚለካ፣ «ቶሎ» ማለት ስንት ሰዓት እንደሆነ አልተነገራቸውም። ቴርሞሜትር የላቸውም፤ በጽሑፍ የተሰጣቸውም ነገር የለም።

ትኩሳቱ በ9ኛው ቀን የመጣው ለምንድን ነው?

ኬሞ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ይመታል። የአጥንት መቅኒ ከነዚህ አንዱ ነው። በደም ውስጥ ቀድሞ የነበረው ኒውትሮፊል፣ ማለትም ባክቴሪያን ቀድሞ የሚገጥመው የነጭ ደም ሴል፣ ዕድሜው አጭር ስለሆነ በቀናት ውስጥ ያልቃል፤ መቅኒው ደግሞ ገና ተተኪ አላመረተም። ዶክሶሩቢሲን በሚወስዱ ሰዎች ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ወለሉን ይነካል፣ እስከ 21ኛው ቀንም ያገግማል። የአፍና የአንጀት ሽፋንም በዚያው ሰሞን ይቆስላል። ስለዚህ ባክቴሪያው ከውጭ መምጣት አያስፈልገውም፤ የሰውየው የራሱ አንጀት ውስጥ ያለው በቆሰለው ሽፋን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። አደጋው ከሁሉም ዙሮች በመጀመሪያው የበለጠ ነው።

ሌላ ሁልጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። መግል የሚሠራው ኒውትሮፊል ነው። ኒውትሮፊል በሌለበት ቁስሉ አይመግልም፣ የሳንባ ምች በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ይዞም ሽንት ውስጥ ነጭ ሴል ላይኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው።

ቤት ውስጥና ጤና ጣቢያ ያለፉት ሰዓታት

በ9ኛው ቀን ማታ 1 ሰዓት ገደማ ታካሚዋን አንቀጠቀጣቸው። አፋቸው ቆስሎ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ከሾርባ በቀር አልቀመሱም። ከሰዓት በኋላ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ስለነበር ቤተሰቡ ምች ነው አለ፤ ዳማከሴ ታሽቶ ተሰጣቸው። ሌሊት ፓራሲታሞል ዋጡ፣ አላባቸው፣ ቀለል አላቸው። ይህ ቀለል ማለት አንድ ሌሊት አስበላ።

በ10ኛው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። የወባ ፈጣን ምርመራ ተሠራ፤ ነጌቲቭ ሆነ። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ምርመራው ተገቢ ነበር። ቀጥሎ የዊዳል ምርመራ ተሠርቶ ፖዘቲቭ ሲወጣ «ታይፎይድ» ተባለ። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ታይፎይድን አያረጋግጥም፤ ከዓመታት በፊት ባክቴሪያው ያገኘው ሰውም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። በሀገራችን ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድና ታይፈስ በሚባልበት ልማድ ግን ውጤቱ ጥያቄውን ዘጋው። ሲፕሮፍሎክሳሲን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ እንዲውጡ ታዘዘ፤ ለትኩሳቱ ደግሞ ዲክሎፌናክ 75 ሚሊ ግራም በመቀመጫቸው ተወጉ።

ሁለቱም ጎድተዋል። አፉ የቆሰለና የሚያስመልሰው ሰው ክኒኑን መዋጡም ሆነ መምጠጡ አስተማማኝ አይደለም። መርፌው የባሰ ነበር። በዚህ ሰሞን ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌትም ይወርዳል፤ ጡንቻ ውስጥ የሚወጋ መርፌ ያደማል፣ ዲክሎፌናክ ራሱ የቀረውን ፕሌትሌት ሥራ ያስፈታል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። በማግስቱ የተወጉበት ቦታ የመዳፍ ያህል ጠቁሮና አብጦ ተገኘ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ «ኬሞ ወስደዋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ታካሚዋም አልተናገሩም፤ ትኩሳቱን ከኬሞው ጋር የሚያገናኝ ምክንያት አልታያቸውም ነበር።

ድንገተኛ ክፍል

በ11ኛው ቀን ጠዋት 4፡10 ኬሞ ወደወሰዱበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረሱ። ከመጀመሪያው ብርድ ብርድ ማለት 39 ሰዓት አልፏል። በትሪያጅ፣ ማለትም ታካሚ እንደ አስቸኳይነቱ በሚለይበት ጠረጴዛ፣ የተለካው እንዲህ ነው፦ የብብት ሙቀት 37.3፣ የልብ ምት 118፣ የደም ግፊት 100/60፣ አተነፋፈስ በደቂቃ 24። ከብርቱካናማ ያነሰ አስቸኳይነት ያለው ቢጫ ደረጃ ተሰጣቸው፣ ወንበር ላይ እንዲጠብቁ ተደረገ።

37.3 ትክክለኛ ቁጥር ነው፣ ግን አሳሳች ነው። ታካሚዋ ከንጋቱ 11 ሰዓት 1 ግራም ፓራሲታሞል ወስደው ነበር። የብብት ልኬትም ከአፍ ልኬት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ያንሳል። በኬሞ ላይ ያለ ሰው «ትናንት አንቀጥቅጦኛል» ካለ ትኩሳት እንዳለው ይቆጠራል፤ አሁን የተለካው ዝቅ ማለቱ ነፃ አያወጣውም። ምቱ 118 አተነፋፈሱ 24 መሆኑ ደግሞ በራሱ ያስጠረጥር ነበር።

የታካሚዋ ፀጉር አልረገፈም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙዎችን አሳስቷል። ፀጉር መርገፍ የሚጀምረው ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ነው፤ ትኩሳቱ በሚመጣበት ሰሞን ታካሚው ገና እንደማንኛውም ሰው ነው የሚመስለው። የካንሰር ሕክምና ክፍሉ ካርድ ለብቻው ስለሚቀመጥ ድንገተኛ ክፍሉ አዲስ ካርድ አወጣ። ስለ ኬሞው አንድም ቃል የለበትም።

5፡25 ላይ ኢንተርኑ ደረታቸውን ለማዳመጥ ነጠላቸውን ሲገልጥ የቀዶ ሕክምናውን ጠባሳ አየ። ልጃቸው ያኔ ከፌስታል ውስጥ የቀጠሮ ደብተሩን አወጣ። «ሲስተር፣ ይቺንም ይዘን መጥተን ነበር፤ የጠየቀን ስለሌለ ነው» አለ። ኬሞው የተሰጠበት ቀን ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል።

ከዚህ በኋላም ሰዓት ባከነ። 5፡40 ላይ ደም ተወሰደና ውጤት መጠበቅ ተጀመረ። 6፡35 ላይ መጣ፦ ነጭ የደም ሴል 600፣ ኒውትሮፊል 20 በመቶ፣ ሄሞግሎቢን 9.1፣ ፕሌትሌት 41,000፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን 1.3። ጠቅላላ የኒውትሮፊል ቁጥር የሚገኘው ነጩን የደም ሴል በኒውትሮፊሉ መቶኛ በማባዛት ነው፤ 600 በ20 በመቶ ሲባዛ 120 ይሆናል። ከ500 በታች ከባድ ነው። 6፡50 ላይ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም ተሰጠ።

ሴፍትሪያክሶን ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለዚህ በሽታ ግን አይበቃም፤ ሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ አይነካም። ኒውትሮፊል የሌለውን ሰው ሱዶሞናስ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት እሱን የሚሸፍን መሆን አለበት። ሴፌፒም 2 ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ሴፍታዚዲም 2 ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ወይም ፒፐራሲሊን ታዞባክታም 4.5 ግራም በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል። ሜሮፔኔም 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ ሌላ አማራጭ ነው፤ ካለ ምክንያት ቀድሞ ባይነካ ይመረጣል። ቫንኮማይሲን ለሁሉም አይጨመርም፤ የቆዳ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የተበከለ ካቴተር ወይም የደም ግፊት መውደቅ ሲኖር ነው የሚታሰበው።

አቅጣጫው የተቀየረበት ሰዓት

7፡15 ላይ የካንሰር ክፍሉ ሬዚደንት ተጠራ። ፓራሲታሞሉ አልቆ ሙቀቱ 39.2 ደርሷል። የደም ግፊት 76/42፣ ምት 138፣ እጅና እግራቸው ቀዝቅዟል። የአደጋ ደረጃን ለመለየት የሚያገለግለው ማስክ የተባለው ነጥብ ሲሠራ ከ26 ነጥብ 13 ብቻ አገኙ። 21 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ታካሚ፣ ለሆስፒታሉ ቅርብ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና አሞክሲሲሊን ክላቩላኔት እየዋጠ ሊታከም ይችላል። ከ21 በታች ያገኘ ይተኛል፤ መድኃኒቱም በደም ሥር ነው።

በሁለቱም ክንዶች አረንጓዴው ባለ 18 ቁጥር ካኑላ ገባ። ለኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ሲታሰብ ለ52 ኪሎ 1,560 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሪንገር በ500፣ 500 እየተከፈለ ተሰጠ፤ ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊያደክም ስለሚችል ከየ500ው በኋላ የሳንባው ሥር ተደመጠ፣ የአንገት ደም ሥር ታየ። የሽንት ቱቦ ገብቶ ሽንት በየሰዓቱ ተለካ።

ሴፍታዚዲም በሆስፒታሉ ፋርማሲ አልነበረም። ልጃቸው ከውጭ ገዝቶ እስኪመለስ 7፡50 ሆነ። ከደረሱ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው፤ ግቡ 60 ደቂቃ ነበር። 2 ግራሙ በ10 ሚሊ ሊትር ውኃ ሲበጠበጥ ጋዝ ስለሚፈጥር ብልቃጡ ውስጥ ግፊት ይበዛል። ነርሷ አረፋው እስኪጠራ ጠብቃ፣ ሲሪንጁ ውስጥ የገባውን ጋዝ አስወጥታ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ በቀስታ በደም ሥር ሰጠችው። ጓዝ አያስፈልገውም፣ የማንጠባጠቢያ ቱቦና ከረጢት ፍለጋ ሰዓት አያልፍም። ግፊቱ ስለወደቀ ጄንታማይሲን 260 ሚሊ ግራም ለአንድ ጊዜ ብቻ ተጨመረ። ክሬአቲኒኑ ከፍ ያለ ስለነበር አልተደገመም። የሴፍታዚዲሙ የመጀመሪያ ዶዝ ግን ለኩላሊት ተብሎ አልተቀነሰም፤ ሴፕሲስ፣ ማለትም ኢንፌክሽን የሰውነት ክፍሎችን ሥራ ያወከበት ሁኔታ፣ ባለበት የመጀመሪያው ዶዝ አይቀነስም፣ የሚስተካከሉት ቀጣዮቹ ናቸው።

ከ1.5 ሊትር በኋላ ግፊቱ 88/50 ላይ ቆመ፤ አማካዩ 63 ገደማ ነው፣ የሚፈለገው 65 ነው። የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገው ኖርአድሬናሊን ተጀመረ። ማዕከላዊ ካቴተር አልተጠበቀም፤ በክርናቸው አጠገብ ባለው ሰፊ ደም ሥር ገባ። ፓምፕ ስላልነበረ 4 ሚሊ ግራሙ 500 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ዴክስትሮስ ውስጥ ተበጥብጦ፣ ሚሊ ሊትሩን 60 ጠብታ በሚያደርግ ቡሬት በደቂቃ 20 ጠብታ ተለቀቀ። ይህ በደቂቃ ለኪሎ 0.05 ማይክሮግራም ነው። ካኑላው የገባበት ቦታ እንዳያብጥና እንዳይነጣ በየ30 ደቂቃው ታየ፤ መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ይገድላል። ኖርአድሬናሊኑ ከ14 ሰዓት በኋላ ቆመ።

ያልተደረጉትም ነገሮች የሕክምናው አካል ነበሩ። ሙቀት በፊንጢጣ አልተለካም፣ በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒትም አልተሰጠም፣ ጣት አልገባም፤ የቆሰለው ሽፋን ከተላጠ ባክቴሪያ ይገባበታል። አካባቢው በዓይን ብቻ ታየ። ሆዳቸው በቀኝ ታችኛው በኩል እንዳይጠጥርና እንዳያም በየዕለቱ ተነካ፤ የአንጀት መቆጣት የሚጀምረው እዚያ ነው። ከሚያስል ሰው አጠገብ የነበረው አልጋቸው ወደ ጥግ ክፍል ተዛወረ። ጠያቂ በዝቶ ነበር፤ መሳሳሙ እንዲቀር፣ ሁለት ሁለት ሰው ብቻ እጁን እየታጠበ እንዲገባ ተነገረ። ለአፋቸው ቁስል በአንድ ብርጭቆ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ በየ4 ሰዓቱ ይጉመጠመጡ ነበር።

በማግስቱ ክሬአቲኒኑ ወደ 0.9 ወረደ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀ። ኒውትሮፊሉ በአራተኛው ቀን 380፣ በስድስተኛው 1,150 ሆነ። ትኩሳት ከጠፋ ከ48 ሰዓት በላይ አልፎ ቁጥሩም ከ500 በላይ ስለወጣ መድኃኒቱ በሰባተኛው ቀን ቆመ፤ በስምንተኛው ቀን ወደ ቤት ሄዱ።

የሠራውና ያልሠራው

በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅሎ የሚለየው የደም ካልቸር አልተሳካም። ከአንቲባዮቲክ በፊት ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሁለት ናሙና መወሰድ ነበረበት፤ የተወሰደው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከሴፍትሪያክሶኑ በኋላ። ምንም አላበቀለም። ስለዚህ የትኛው ባክቴሪያ እንደነበር አልታወቀም፤ መድኃኒቱን ለማጥበብም አልተቻለም። ካልቸር ለማግኘት ሲባል ግን አንቲባዮቲክ መዘግየት የለበትም፤ ጠርሙሱ በቅርብ ከሌለ መድኃኒቱ ይቅደም።

የደም ውጤት መጠበቁ ትልቁ ስህተት ነበር። በኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ካለው፣ ወይም ሳይተኩሰው ግፊቱ ከወረደ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ኒውትሮፊሉ እንደወረደ ይቆጠራል። የደም ሴሎች ቆጠራው (ሲቢሲ) የሚያገለግለው የተጀመረውን ለመቀጠል ወይም ለማቆም ነው።

የሠራው ደግሞ ፈሳሹን ከፋፍሎ መስጠቱ፣ ኖርአድሬናሊኑን በክንድ ደም ሥር ማስጀመሩ፣ ነርሷ በየ15 ደቂቃው የጻፈችው የግፊት ሰንጠረዥ ነው። ሬዚደንቱ ያንን ሰንጠረዥ አይቶ ነው የ1.5 ሊትሩ ውጤት መቆሙን በደቂቃዎች ውስጥ ያወቀው።

ሁለተኛው ዙርና የተለወጡት ነገሮች

ሁለተኛው ዙር በአንድ ሳምንት ተገፋ። መጠኑን መቀነስ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ሕክምናው ለመዳን ስለሆነ ግን መቀነሱ የመጨረሻ አማራጭ ተደረገ። በምትኩ መቅኒው ኒውትሮፊል እንዲያመርት የሚገፋው ፊልግራስቲም 300 ማይክሮግራም ከኬሞው 24 ሰዓት በኋላ ጀምሮ ለ7 ቀን ከቆዳ ሥር እንዲወጉ ተወሰነ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ የታካሚዋ ቤት ፍሪጅ የለም፣ የ110 ኪሎ ሜትሩ መንገድም ሞቃት ነው። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት አርፈው በየቀኑ ሆስፒታል እየመጡ ተወጉ። ማዘዙ ብቻ በቂ አልነበረም፤ የማደሪያው ጉዳይ ካልተፈታ ሦስተኛውን መርፌ ላይወስዱት ይችሉ ነበር።

ድንገተኛ ክፍሉ ትሪያጅ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጥያቄ ተለጠፈ፦ «ባለፉት 6 ሳምንታት የካንሰር መድኃኒት ወስደዋል?» አዎ ያለ ሁሉ፣ ተኩሶኛል ወይም አንቀጥቅጦኛል ካለ፣ ሙቀቱ ምንም ያህል ቢሆን ከቢጫ የሚቀድመው ብርቱካናማ ደረጃ ይሰጠዋል። የቀጠሮ ደብተሩ ሽፋን ላይ ማኅተም ተመታ፦ «ይህ ሰው ኬሞ ላይ ነው። ትኩሳት ካለው በ60 ደቂቃ ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጠው። በጡንቻ አይወጋ።» ጀርባው ላይ ሌሎች የማይታደሩ ምልክቶች ተጻፉ፦ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም ሽንት ካለመምጣት ጋር፣ የፊትና የአንገት እብጠት ከትንፋሽ ማጠር ጋር፣ ግራ መጋባት ከብዙ ጥማትና ሽንት ጋር። የጀርባው ምልክት በተለይ ሰዓት አይሰጥም፤ ዕጢው ኅብለ ሰረሰርን ሲጫን እየተራመደ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ እየተራመደ ይወጣል፣ እግሩ ከዛለ በኋላ የመጣ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስለትም።

አንድ ሣጥንም ተዘጋጀ፤ ሁለት ባለ 1 ግራም ሴፍታዚዲም፣ የመርፌ ውኃ፣ ሁለት ሊትር ሪንገር፣ ሁለት አረንጓዴ ካኑላ፣ የካልቸር ጠርሙሶች። በሦስተኛው ሳምንት ሲከፈት መድኃኒቱ አልነበረበትም። ለሌላ ታካሚ ወጥቶ አልተተካም። ከዚያ በኋላ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታሸገ፤ ማሰሪያውን የቆረጠ ይፈርማል፣ ፋርማሲው በማግስቱ ጠዋት ይተካል።

ታካሚዋ ሲሸኙ ዲጂታል ቴርሞሜትር ተሰጣቸው። ልጃቸው ነርሷ ፊት ሦስት ጊዜ እየለካ አነበበ። በአፍ 38 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ፓራሲታሞል ሳይዋጥ ወዲያው እንዲመጡ፣ አፋቸው ቆስሎ በብብት ከለኩ ደግሞ 37.5 እንደሚበቃ ተጻፈለት።

በሁለተኛው ዙር በ10ኛው ቀን ማታ ቴርሞሜትሩ 38.1 አሳየ። ከዘመድ ቤት በባጃጅ መጡ፤ ልጁ ደብተሩን በእጁ ይዞ ነው የገባው። ሴፍታዚዲሙ በ35ኛው ደቂቃ ተሰጠ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጣው ኒውትሮፊል 2,400 ነበር፤ ሌላ ምልክት አልተገኘም፣ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፍቶ ተመለሱ። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ውድ መድኃኒት ባከነ የሚል ቅሬታ ተነሳ። የባከነው ሁለት ብልቃጥ ነው፤ ባለፈው ጊዜ በመጠበቅ የተከፈለው ኖርአድሬናሊን፣ የ14 ሰዓት ክትትልና የስምንት ቀን አልጋ ነበር። ሣጥኑ በዚያው ቀን ተሞልቶ ታሸገ።